ጥቁር ቁምጣ በቶትሊ ታወርስ

የፒ. ጂ. ዉድሃውስን ልብ ወለዶች «ጊዜ ማሳለፊያ» ብለው የሚያጣጥሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። በተለይ «የውስተሮች ደንብ» ይህ አይገባውም። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ተራኪው በርቲ ውስተር ሥራ የማያውቅ ሀብታም ወጣት ነው፤ ሎሌው ጂቭስ ደግሞ ከጌታው እጅግ የሚልቅ አዋቂ። ሁለቱ ቶትሊ ታወርስ በሚባል የገጠር ባላባት ቤት በእንግድነት ያርፋሉ።

በዚያ ቤት ጣሪያ ሥር ሁሉም የሚሻማባቸው ሦስት ዕቃዎች አሉ፦ በላም ቅርጽ የተሠራች የብር ወተት መቅጃ፣ ስድብ የሞላበት ማስታወሻ ደብተር፣ የመንደሩ ፖሊስ ቆብ። አንዱ ዕቃ እጅ በለወጠ ቁጥር የአንዱ እጮኝነት ይፈርሳል፣ የሌላው ይሰምራል፣ በርቲም ወደ ወህኒ ይጠጋል። ዉድሃውስ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ሴራውን በረዣዥም ማስታወሻ ይነድፍ ስለነበር አንድም ትርፍ ክስተት የለበትም። ገጽ እየዘለላችሁ የምታነቡ፣ እባካችሁ ተዉ፤ ደብተሩ ማን ኪስ እንደገባ ያላየ ሰው ቀሪው ሁሉ ይምታታበታል።

«ደራሲው ስለ ዓለም ጉዳይ ደንታ የለውም» የሚለውን ክስ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድ ብዙ ያነበበ ወዳጄ ይህንኑ ሲለኝ «ሮድሪክ ስፖድን ረሳኸው?» አልኩት። ስፖድ የቤቱ እንግዳ ነው፤ ግዙፍ፣ ጯሂ፣ አምባገነን ለመሆን የሚያልም። ተከታዮቹ የሚለብሱት ጥቁር ቁምጣ ነው፤ ማኅበሩን ሲያቋቁም ሸሚዙን ሌሎች ቀድመው ወስደውት ነበርና። ልብ ወለዱ ከመታተሙ ቀደም ባሉት ዓመታት ኦስዋልድ ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ያቋቋመው የእንግሊዝ ፋሺስቶች ማኅበር ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ በለንደን ጎዳናዎች ይሰለፍ ነበር፤ የፖለቲካ ደንብ ልብስ በሕግ የታገደው ከዚህ የተነሣ ነው። ልብሱ የተቀዳው ከሙሶሊኒ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝባችንን የፈጁትን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ለምናስታውስ ለእኛ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ያን ልብስ መሳቂያ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው።

ክሱ የበረታው በኋላ ነው። ዉድሃውስ እ.ኤ.አ. በ1940 ፈረንሳይ ውስጥ በጀርመኖች ተይዞ ታሰረ፤ በ1941 ከበርሊን ስለ እስር ኑሮው በሬዲዮ ሲናገር አገሩ በቁጣ ነደደች። ንግግሩ ስሕተት ነበር። ጆርጅ ኦርዌል በ1945 ተከራከረለት፤ ሆኖም ፖለቲካ የማይገባው የዋህ አድርጎ ነው ያቀረበው፣ ስፖድንም አላነሳውም። ለእኔ ይህ የክርክሩ ትልቁ ጉድለት ነው።

ስፖድ የሚሸነፍበት መንገድ ደግሞ ድንቅ ነው። ጂቭስ የሎሌዎች ክበብ አባል ነው፤ ክበቡ የጌቶችን ምሥጢር የሚያሰፍርበት መዝገብ አለው። ከዚያ አንድ ስም ብቻ አምጥቶ ለበርቲ ይነግረዋል፦ ዩላሊ። ስሙ ሲጠራ ያ ግዙፍ ሰው እንደ በግ ይገራል። በርቲ ግን በክፉው ሰዓት ስሙ ይጠፋበታል፤ የስፖድን ራስ በዘይት ቀለም ሥዕል እስከ መምታት ይደርሳል። ስፖድ ስሙን የሚፈራበት ምክንያት መጨረሻ ላይ ይገለጣል፤ የአገር መሪ ልሁን ባዩ በስውር የሴቶች የውስጥ ልብስ ይነድፋል፣ በዚያ ስም የሚጠራ ሱቅም አለው።

በቴሌቪዥን የተሠራውን ተከታታይ ድራማ አይታችሁ መጽሐፉን እንዳነበባችሁ አትቁጠሩት፤ የበርቲ አተራረክ ያለው በገጹ ላይ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በ1934 ከታተመው «ራይት ሆ፣ ጂቭስ» ተነሡ። የደብተሩ ባለቤት የገሲና የእጮኛው የማድሊን ባሴት ነገር የሚጠነሰሰው እዚያ ነው።