አውሬው ራሱ ሲናገር
በአስፈሪ ታሪክ ዘወትር የምንሰማው የአሳዳጁን ቃል ነው። «ዘ ኤክስ ፋይልስ» በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ፣ ዳሪን ሞርጋን ደርሶ ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2016 በታየው አንድ ክፍል ግን አውሬው ራሱ ታሪኩን ይናገራል። እንሽላሊት መሳዩ ፍጡር ሰው ነክሶት ቀን ቀን ሰው ይሆናል፤ ልብስ ይለብሳል፤ ስልክ ሻጭ ሆኖም ስለ ኑሮ ይጨነቃል። ነፍሰ ገዳዩ ግን ሌላ ነው፤ ያውም ሰው።

ይህን ባየሁ ጊዜ የአገራችን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ትዝ አሉኝ። «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባለ፣ በማረሻቸው ታርሶ በጀበናቸው ቡና ተጠጥቶ ይሸሻሉ። እኔም በልጅነቴ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አጠገቤ ብትቀመጥ ተነሥቼ ሄድሁ። ምን እንደተሰማት ግን አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ከመፍረዳችን በፊት የተከሳሹን ቃል እንስማ።