በቤት ጓሮ ስለሚተከል ድንች

ቤት የሚጠበቀው በበሩ ብቻ አይደለም፤ በጓሮውም ነው። በር ሌባን ይከለክላል፥ ጓሮ ግን ረሃብን ይከለክላል። በደመወዝ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብና የእህሉ ዋጋ ሲወደድ የቤት እመቤት ወደ ገበያ ከመሄዷ አስቀድማ ወደ ጓሮዋ ትመለከታለች። በዚያ የምትቀነጥሰው ጎመንና የምትቆፍረው ድንች ያገኘች እንደ ሆነ ልቧ ያርፋል፤ አመድና እሾህ ብቻ ያየች እንደ ሆነ ግን የቀራት መንገድ መበደር ነው። ስለዚህ ለቤተ ሰብ ከሚጠቅሙት የጓሮ አትክልቶች አንዱ ስለ ሆነው ስለ ድንች፥ ይልቁንም በከሚሴና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አንባብያን በሚስማማ መንገድ፥ ጥቂት ነገር ለመጻፍ አሰብን።

ድንች የቆየ ዘመድ ይመስላል እንጂ ለአገራችን እንግዳ ነው። መጀመሪያ የተገኘው በደቡብ አሜሪካ አንዲስ በሚባሉት ከፍተኛ ተራሮች፥ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በተባሉት አገሮች ነው፤ የዚያም አገር ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ ሲያለሙት ኖረዋል። ስፓኛውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ባመጡት ጊዜ ሕዝቡ ፈራው፥ ናቀውም፤ በሽታ ያመጣል የሚሉም ነበሩ። ፓርማንቲየ የሚባል ፈረንሳዊ የመድኃኒት ሊቅ ግን በጦርነት ተማርኮ በፕሩስያ እስር ቤት ሳለ ድንች እየበላ ስለ ኖረ፥ ጥቅሙን በገዛ ሰውነቱ ዐወቀ፤ ወደ አገሩም ከተመለሰ በኋላ ለወገኖቹ ሲያስረዳ ኖረ።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ሺምፐር የሚባል በትግራይ ብዙ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደ ሆነ፥ ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር 1858 ዓ.ም. እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ አስቀድሞ የኦሮሞ ድንች ወይም የወላይታ ድንች የሚባል ሌላ አገር በቀል ሥር በአገራችን ይበላ ነበር፤ እርሱ በዘርም በመልክም ከዚህ የተለየ ነው። አዲሱን ድንች በመጀመሪያ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ነገር ግን በ1880ዎቹ ዓመታት ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ በመጣ ጊዜ፥ ከብቱ በበሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ በጠፋበት በዚያ ዘመን፥ ድንች እየተስፋፋ ሄደ። በዶማ ብቻ በተቆፈረ መሬት ተተክሎ በሦስትና በአራት ወር የሚደርስ ምግብ ለተቸገረ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መገመት አያዳግትም። ወሎ በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን መከራ የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ይህን ነገር እንደ ቀላል አያየውም።

አሁን ወደ ከሚሴ እንመለስ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በቦርከና ሸለቆ ያለች፥ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,450 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በአባቶች አቆጣጠር ከቆላ ወገን ናት፤ ማሽላ፥ ጤፍ፥ በቆሎና ማሾ ይስማማታል። ድንች ግን የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ሥሩ ፍሬ የሚቋጥረው የመሬቱ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ቅጠሉ ቢለመልምም ከመሬት በታች ያለው ሥራ ይቆማል። ሌሊቱ የሞቀ እንደ ሆነ ተክሉ ቀን የሠራውን ምግብ ሌሊት ራሱ ይበላዋልና፥ ወደ ሥሩ የሚያወርደው ትርፍ አይኖረውም።

ይህን ነገር ሳያውቅ የተከለ ሰው የሚደርስበትን የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በገዛ ግቢው አይቶታል። አንድ ዓመት በሚያዝያ ወር ከገበያ የተገዛ ድንች በጓሮዬ ተከልሁ። ቅጠሉ ከጉልበት በላይ ስላደገ ያየው ሁሉ አመሰገነኝ፤ እኔም ኮራሁ። በቁፋሮው ቀን ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ተሰብስቦ ሳለ፥ ከመሬቱ የወጣው ከአተር ጥቂት የሚተልቅ ፍሬ ሆነ። ባለቤቴም ቅርጫቷን አስቀምጣ፥ «ጎመን እንኳ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉን እንበላው ነበር» አለችኝ። ከደጋው ድንች እየጫኑ ወደ ገበያ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ሄጄ፥ «አባቴ፥ የእርስዎ ድንች እንዲህ ሲያፈራ የእኔ ስለ ምን ቅጠል ብቻ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም የተከልሁበትን ወር ሰምተው ፈገግ አሉና፥ «ልጄ፥ ድንች የብርድ አገር እንግዳ ነው፤ እንግዳን በሐሩር ጠርተህ ጥላ ከነሣኸው ምን ይጫወትልሃል?» አሉኝ። ከዚህ በታች የሚጻፈው ከዚያች ቀን በኋላ በመጠየቅ፥ በማንበብና በመሥራት የተገኘ ነው።

አንደኛው ነገር ጊዜን መምረጥ ነው። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ስፍራ ድንች መተከል ያለበት የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ፥ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ፍሬው የሚወፍረው በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር፥ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ይሆናል። በዚህ ወራት ዝናብ የለምና የሚያጠጣ ውኃ ያስፈልጋል። ከሸለቆው በላይ ባለው ደጋ የሚኖር ግን በበልግ ዝናብ በየካቲት ቢተክል፥ አዲስ እህል ሳይደርስ ጎተራ በሚጎድልበት በሰኔና በሐምሌ ለቤቱ ምግብ ያገኛል።

ሁለተኛው ዘሩን መምረጥ ነው። ለወጥ ከተገዛው ድንች መካከል ትንሹንና የተጨማደደውን ለዘር ማስቀረት የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ የሆነው በሽታ ስላለበት ሊሆን ይችላልና በሽታን ከዓመት ወደ ዓመት ማሻገር ይሆናል። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዘሮች ጃለኔ፥ ጉዳኔና በለጠ የሚባሉት የታወቁ ናቸው፤ ጃለኔ የሚለው ስም ኦሮምኛ ለሚሰማ ጆሮ መውደድን ያስታውሳል። ንጹሑን ዘር ከግብርና ባለሙያ ጠይቆ ማግኘት ይሻላል። ለዘር የሚሆነው የዶሮ እንቁላል የሚያህል፥ ቡቃያውም አጭርና ወፍራም የሆነ ነው። በሞቃት አገር ድንቹን ቆራርጦ መትከል መልካም አይደለም፤ የተቆረጠው ይበሰብሳል፥ ቢላዋውም በሽታን ካንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል።

ሦስተኛው መሬቱን ማዘጋጀት ነው። አፈሩ ሁለት ስንዝር ያህል በጥልቀት ተቆፍሮ ይለስልስ፤ በሚገባ የበሰበሰ ፍግም ይጨመርበት። በመደብና በመደብ መካከል 75 ሴንቲሜትር፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲሜትር ተለክቶ፥ ዘሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ባለው ጥልቀት ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ ይተከል። ወርዱ 6፥ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ጓሮ 130 ያህል ተክል ይይዛል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢሰጥ 65 ኪሎ ድንች ይሆናል።

አራተኛው መንከባከብ ነው። ተክሉ አንድ ስንዝር ያህል ሲያድግ አፈር ወደ ግንዱ ይታቀፍለታል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ይደገማል። ይህም ፍሬው የሚያድግበትን ስፍራ ይሰጠዋል፥ ከፀሐይም ይሸፍነዋል። በመደቦቹ ላይ ገለባ ቢነሰነስ መሬቱ ይቀዘቅዛል፥ እርጥበቱም ይቆያል። ውኃው በማለዳ ወይም በማታ ይጠጣ፤ ይልቁንም በአበባው ጊዜ እንዳይጠማ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ውኃው ይቁም፥ ግንዱም ይቆረጥ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ ልጡ ይጠነክራል፥ ሲቆፈርም አይላጥም።

በሽታውንም ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው በዝናብና በጉም ጊዜ ቅጠሉን እንደ ተቃጠለ አድርጎ የሚያጠቁር ዋግ ነው። ይህ በሽታ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርላንድ አገር የድንቹን እርሻ ባጠፋ ጊዜ፥ ድኻው ሕዝብ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ አልነበረውምና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ለቆ ተሰዷል። ሁለተኛው በሞቃት አገር የሚበረታ አጠውላጊ በሽታ ነው፤ ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ በድንገት ይጠወልጋል። ግንዱ ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ እንደ ክር ያለ ነጭ ፈሳሽ ከወጣ በሽታው እርሱ ነው። መድኃኒት አይገኝለትምና የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይጣል። በዚያም ስፍራ ድንች ብቻ ሳይሆን የድንች ዘመዶች የሆኑት ቲማቲምና በርበሬም ለጥቂት ዓመታት አይተከሉ፤ ሽንኩርት፥ በቆሎ ወይም ጥራጥሬ ይተካ።

ስለ አቀማመጡ ደግሞ የቤት እመቤቶች ይህን ያስተውሉ። ለድስት የሚሆነው ድንች በጨለማ፥ ነፋሻና ደረቅ በሆነ ስፍራ ይቀመጣል፤ ለዘር የሚሆነው ግን በቀጥታ ፀሐይ ሳያገኘው ደብዛዛ ብርሃን በሚገባበት ቆጥ ላይ በስሱ ይደረደራል። ብርሃን ያየው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህም ለዘር መልካም ነው፥ ለሆድ ግን መርዝ አለበት። አረንጓዴ የሆነውንና የሚመረውን ለልጆች ማብላት አደገኛ ነው፤ መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። እንዲሁም በአበባው ስፍራ የሚወጡት እንደ ትንሽ ቲማቲም ያሉ ፍሬዎችና ቅጠሉ መርዝ አላቸውና ልጆችም ከብቶችም አይጠጓቸው።

ድንች በአልጫ፥ በቀይ ወጥ፥ በቅቅልም ይበላል፤ በጾምም በፍስክም ማዕድ ይቀርባል። ከነልጡ ቢቀቀል ኀይሉ በውኃ አይባክንም። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ተቀቅሎና ላመ ተደርጎ ከሌላ ምግብ ጋራ ቢሰጠው ይስማማዋል። ነገር ግን ሰውነትን የሚገነባው ነገር በድንች ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከሽሮ፥ ከምስር፥ ከእንቁላል ወይም ከወተት ጋራ መሆን ይገባዋል።

ውኃ የሌለው ወይም ግቢው እጅግ የሚሞቅበት የቆላ ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ፤ ስኳር ድንች አለለት። ይህ ሙቀትን የሚወድ፥ ድርቅንም የሚችል፥ ከሐረጉ አንድ ክንድ ያልሞላ ቁራጭ ተወስዶ የሚተከል ነው፤ ቅጠሉም እንደ ጎመን ይበላል። ውስጡ ብርቱካን የሚመስለው ወገን፥ እንደ ኩልፎና ቱላ ያለው፥ ለልጆች ዓይን የሚጠቅም ቪታሚን ኤ አለው።

ከአየርላንድ ታሪክ የምንማረውም ይህ ነው፤ ድንች ይተከል፥ ነገር ግን ብቻውን አይሁን። ባንዱ መደብ ድንች፥ ባንዱ ጎመን፥ ባንዱ ሽንኩርት፥ በአጥሩ ሥር ስኳር ድንች ቢኖር፥ አንዱን ዋግ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። በቢሮ የሚውል ሰው፥ ሥራው ከብዕር ጋራ ነውና ዶማ መያዝ ያሳፍረኛል አይበል። በዚያ ዓመት ባዶውን የተመለሰው የቤታችን ቅርጫት፥ በጥቅምት በተከልነው ምክንያት በጥር መጨረሻ ሞልቶ ገብቷል፤ ባለቤቴም ከዚያ ከፍላ ለጎረቤት ከላከች በኋላ፥ ለዘር የሚሆነውን ራሷ መርጣ በቆጡ ላይ ደርድራዋለች።