የባሕር በር የሌላት አገርና የውቅያኖስ ምልከታ፦ ከወላይታ በልግ አንጻር

አረካ ከየትኛውም የባሕር ዳርቻ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የራቀች ከተማ ናት። ሆኖም በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደር በቆሎ የሚዘራበት የበልግ ዝናብ (ከየካቲት እስከ ግንቦት) እርጥበቱን በአመዛኙ ከሕንድ ውቅያኖስ ያገኛል፤ የአገሪቱ የክረምት ዝናብም በሰላማዊ ውቅያኖስ የሙቀት መለዋወጥ ይነካል። ይህ ጽሑፍ እንደ ኢትዮጵያ ያለች አገር ከውቅያኖስ መረጃ ተጠቃሚነት አልፋ እንዴት የምልከታው ተሳታፊ ልትሆን እንደምትችል ያብራራል።

ሳተላይት የሙቀት መጠን የሚለካው በባሕሩ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ከገጹ በታች ያለውን የሚመዘግቡት በዋናነት አርጎ የተሰኙት ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ናቸው። እያንዳንዱ በየ10 ቀኑ ከ2,000 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀትንና ጨዋማነትን ይለካል፤ ውጤቱም ለማንም በነጻ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የምልከታው ወጪ በአብዛኛው በባለጸጋ አገሮች በጀት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ጽኑ አይደለም። አሜሪካ በሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ላይ ያሉትን ተንሳፋፊ ጣቢያዎች የምትጠግንበትን መርከብ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአገልግሎት ካወጣች በኋላ፣ በ2014 መጀመሪያ የጣቢያዎቹ መረጃ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስም የባሕር ላይ ወንበዴዎች ሥጋት የጣቢያ ተከላውን ለዓመታት አጓትቷል።

ክፍተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ብርቱ ኤል ኒኞ ተከሥቶ ዝናቡ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሲከሽፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ወገኖች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገልጿል። ነገር ግን የኤል ኒኞ ተጽዕኖ በሁሉም ስፍራ አንድ አይደለም። የሰሜኑን ክረምት ሲያዳክም፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች የጥቅምትና የኅዳርን ዝናብ ብዙ ጊዜ ያበረታል። ወላይታ የምትገኘው በእነዚህ ሁለት የዝናብ ሥርዓቶች መካከል ነው። ስለዚህ «ዘንድሮ ኤል ኒኞ ነው» የሚለው ዜና ብቻውን ለአረካ አርሶ አደር መቼ መዝራት እንዳለበት አይነግረውም።

ከዚህ በመነሣት የተሳትፎ መንገዶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው መርከብ ነው፦ ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ባንዲራዋን የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች አሏት፤ የንግድ መርከቦች ደግሞ በመደበኛ ጉዟቸው ላይ የአየር ግፊትንና የባሕር ገጽ ሙቀትን በበጎ ፈቃድ የሚመዘግቡበት ዓለም አቀፍ አሠራር አለ። ሁለተኛው የማይቋረጥ የዝናብ መዝገብ ነው፦ የውቅያኖስ ልኬት ከዝናብ ጋር ያለው ዝምድና የሚታወቀው በየወረዳው ለብዙ ዓመታት በተሰበሰበ ልኬት ብቻ ነው። ሦስተኛው የሰው ኃይል ነው፦ በነጻ የተለቀቀ መረጃ የሚተነትነው ባለሙያ ከሌለ ጥቅም አይሰጥም።

ለታዳጊ አገሮች የሚሰጥ ድጋፍ መሣሪያ በማቅረብ ብቻ መወሰን የለበትም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲንና የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት የውቅያኖሱን መረጃ ከአካባቢያቸው የዝናብ መዝገብ ጋር አገናኝተው ለዘር ጊዜ ውሳኔ እንዲያበቁት ሊያስችል ይገባል።