ፈቃድ መያዝ ሥራ መያዝ አይደለም፦ የአብራሪነት ሥልጠና ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲሱ ገበያ ወይም ሩፋኤል አካባቢ አንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ሲጨርስ፣ ከሐኪምነትና ከኢንጂነርነት ቀጥሎ ቤት ውስጥ የሚነሳው ሙያ አብራሪነት ነው። ምኞቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም አሜሪካ ያለ አጎትን ለማስቸገር የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በስሚ ስሚ በመጣ ወሬ ነው።

«ክፍያው ከተሟላ ሌላው ትምህርት ብቻ ነው»

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ የንግድ አብራሪ ለመሆን የሚያስፈልገው ሥልጠና ዛሬ 100 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አገር ውስጥ ሲሆን ወጪው ቢቀንስም ከዶላር ግን አያመልጥም፤ አውሮፕላኑም፣ መለዋወጫውም፣ ነዳጁም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። በሐምሌ መጀመሪያ 5 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር የነበረው የ100 ሺህ ዶላር ክፍያ 12 ሚሊዮን ብርን ዘለለ። ሥልጠናውን ያጋመሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልዩነት ከየት ያመጣል?

ወላጆች እምብዛም የማያዩት ሌላ ወጪ ደግሞ አለ። በማሠልጠኛዋ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ ተገጥሟል፤ አንዷ ቁጥር የምታልፈው በየስድስት ደቂቃው ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ሒሳቡ የሚሠራው በዚህ ቆጣሪ ነው፤ ሞተሩ ከተነሳ ደግሞ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞም ይቆጥራል። ትልልቅ ጄቶች እስኪያርፉና እስኪነሱ ሠልጣኙ ተራ ሲጠብቅ የአባቱ ገንዘብ ይሄዳል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለንግድ አብራሪ የሚጠይቀው ቢያንስ 200 የበረራ ሰዓት ነው፤ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ለሠለጠነ 150 ይበቃል። ይህ ግን ወለሉ ነው። ማረፍ ያስቸገረው፣ ክረምት ያስተጓጎለው ወይም ፈተና የወደቀ ተማሪ ሰዓት ይጨምራል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ስትጠይቁ «ዋጋው ስንት ነው?» ብላችሁ አታብቁ፤ «ባለፈው ዓመት የጨረሱት ልጆች በአማካይ ስንት ሰዓት ፈጀባቸው? ተጨማሪው ሰዓትስ በስንት ይታሰባል?» በሉ።

«ፈቃዱ ካለ ሥራ አይጠፋም»

ከሁሉም የከፋው ተረት ይህ ነው። ቦይንግ በመጪዎቹ 20 ዓመታት ዓለም ከ600 ሺህ በላይ አዳዲስ አብራሪዎች ያስፈልጓታል ይላል፤ ደላላም ትምህርት ቤትም ይህን ቁጥር ያነሳሉ። ቁጥሩ 200 ሰዓት የበረረን ጀማሪ ማን እንደሚቀጥረው አይናገርም። አየር መንገዶች የሚመርጡት ልምድ ያለውን ወይም ራሳቸው ያሠለጠኑትን ነው። በአሜሪካ የካቲት 2001 ዓ.ም. በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ከደረሰው የኮልጋን ኤር አደጋ በኋላ ሕጉ ጠብቆ፣ የመንገደኞች አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። ሰዓቱን ለማሟላት የብዙ ሰው መንገድ አስተማሪ ሆኖ መቀጠር ነው፤ ለውጭ ዜጋ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ጣጣ አለው።

ቦይንግ 737 ወይም ኤርባስ ለማብረር ለዚያው የአውሮፕላን ዓይነት የተለየ ሥልጠና ይጠየቃል፤ በራስ ኪስ ከሆነ ይህም በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። ሥራ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ፈቃዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ የመብረር ብቃት በየዓመቱ ይፈተሻል፤ መንገደኛ ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ማረፍ ያስፈልጋል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አብራሪ ብቃቱን ላለማጣት ይከፍላል። ቤተሰብን የሚሰብረው ይህ በምረቃና በመጀመሪያው ደመወዝ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ በጀት ውስጥ ግን ሲገባ አላይም።

«አየር መንገዱ በነፃ ያሠለጥናል»

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ዛሬ በአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲው ሥር ነው። የተመረጠ ዕጩ ገንዘብ አይከፍልም፤ የአገልግሎት ውል ይፈርማል፣ ዋስ ያቀርባል። ያ ውል ዕዳ ነው፤ ዋስ የሚሆነው ዘመድም ይህን አውቆ ይፈርም። ይህም ሆኖ ለአብዛኛው የጉለሌ ቤተሰብ የተሻለው መንገድ ይኸው ይመስለኛል፤ ሥልጠናውና ሥራው የተያያዙት እዚህ ነውና። ምዝገባውን የሚያውጀው አየር መንገዱ ራሱ ነው። «በውስጥ አስገባዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው።

«200 ሰዓት ያለው ልጅ አደጋ ያመጣል»

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በረራ 302፣ ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሲወድቅ 157 ሰዎች አለቁ። አንዳንድ የውጭ ጋዜጦች ጣታቸውን በረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ላይ ቀሰሩ። የበረራው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ግን ከ8,000 ሰዓት በላይ በሮ ነበር። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን የወደቀው የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ረዳት አብራሪ ከ5,000 ሰዓት በላይ ነበረው፤ ከ189ኙ ሰዎች አንድም አልተረፈም። በሁለቱም በረራዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቁልቁል የደፋው በአንድ የተሳሳተ ዳሳሽ የተመራ ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነው። የአሜሪካ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ አያያዝም በዝርዝር ሊታይ ይገባ ነበር ብለዋል፤ የኤምካስን ድርሻ ግን እነሱም አልካዱም። የልጆቻችንን ሥልጠና በዚያ አደጋ ማጣጣል ፍትሕ አይደለም።

«መነጽር ያደረገ አይበርም»

በዓለም አቀፉ መለኪያ ይበርራል፤ መነጽሩን አድርጎ በቂ ካየ። ቀለም አለመለየት ግን ብዙዎችን ያስቀራል፤ አንዳንዱ ልጅ ደግሞ እንዲህ መሆኑን የሚያውቀው ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ አንድ ብር ሳይከፈል በፊት በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው ሐኪም ዘንድ የአንደኛ ደረጃ ምርመራው ይደረግ፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ደም፣ አእምሮ። ምርመራው በየ12 ወሩ ይደገማል። በ45 ዓመት የመጣ የልብ ሕመም ሥራውን በአንድ ቀን ሊያስቆም ይችላል፤ ያኔ ሌላ ሙያ ያለው ይተርፋል። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉ ወደ በረራ የመጣችው አርክቴክቸር ተምራ ነው። ሁለተኛ ሙያ በእጅ መያዝ ከሥልጠናው ወጪ ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።