ፍሪጁ የለቀቀው ጋዝ የት ይደርሳል?

እ.ኤ.አ. በ1971 ሻክልተን የተባለች የምርምር መርከብ ከብሪታኒያ ወደ አንታርክቲካ ስትነሳ፣ ጄምስ ሎቭሎክ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ራሱ የሠራውን የጋዝ መለኪያ ጫነባት። መሣሪያው ከፋብሪካም ከከተማም በራቀው የውቅያኖስ አየር ውስጥ ሲኤፍሲ-11ን አገኘ። ይህ ጋዝ የሰው እጅ ሥራ ነው። ዘመዱ ሲኤፍሲ-12 በፍሪጅ ቱቦ ውስጥ ሲዘዋወር፣ እሱ ደግሞ ፎም ይነፋ፣ የሽቶና የፍሊት ጣሳዎችን ያስረጭ ነበር። ሰዉን ያስደነቀው መጠኑ ነው። በዓለም አየር ላይ ያለው ተሰልቶ ሲታይ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከተመረተው ጠቅላላ መጠን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ የተለቀቀው ሁሉ ገና እዚያው ነበር ማለት ነው።

ሎቭሎክ ራሱ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ጋዙ አደጋ ያመጣል ብሎ እንደማያስብ ገለጸ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅርንጫፍ የነበሩት ሼርዉድ ሮውላንድና ማሪዮ ሞሊና ግን ሌላ ጥያቄ ያዙ፦ ይህ ጋዝ መጨረሻው ምንድን ነው?

አየራችን ራሱን የሚያጸዳበት መንገድ አለው። በውሃ የሚሟሟውን ጋዝ ዝናብ ያወርደዋል። የማይሟሟውን ደግሞ ሃይድሮክሲል የተባለ ቅንጣት ይይዘዋል። ይህ ቅንጣት ዕድሜው አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ቢሆንም ከብዙ ሞለኪውሎች ላይ ሃይድሮጅን እየነጠቀ ይሰባብራቸዋል። ሲኤፍሲ ግን በውሃ አይሟሟም፤ የሚነጠቅ ሃይድሮጅንም የለውም። ተመራማሪው ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ በ1928 ይህን ቤተሰብ ለፍሪጅ የመረጡት የማይቃጠል፣ የማይመርዝና ከምንም ጋር የማይዋሃድ በመሆኑ ነበር። ለጓዳችን የተመቸው ይኸው ጠባዩ ነው ሰማይ ላይ ያቆየው።

ሮውላንድና ሞሊና በ1974 ባወጡት ጥናት መልሱን ሰጡ። ለሲኤፍሲ ዋናው መውጫ ወደ ላይ ነው፤ እሱም በኦዞን ሽፋን ውስጥ ያልፋል። አገራችንም በምትገኝበት የሐሩር ክልል አየሩ በዝግታ ከደመናዎች በላይ ወዳለው የአየር ንብርብር፣ ወደ ስትራቶስፌር፣ ይወጣል። ፍጥነቱ በቀን 20፣ 30 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ዋልታዎች ፈሶ ይወርዳል፤ ጉዞውም ዓመታት ይወስዳል። በአንድ ዙር ወደዚያ ከፍታ የሚደርሰው ከጠቅላላው አየር ጥቂቱ ብቻ ነው። ሲኤፍሲ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሲደርስ ኦዞን ወደ ታች የማያሳልፈው ኃይለኛ አልትራቫዮሌት ጨረር ያገኘዋል፤ ይሰነጥቀዋል። ሲኤፍሲ-11 ዝቅ ብሎ ስለሚሰነጠቅ አማካይ ዕድሜው 52 ዓመት ገደማ ነው። ሲኤፍሲ-12 ግን ይበልጥ ከፍ ማለት አለበትና 100 ዓመት ያህል ይቆያል። ይህ ማለት በ52ኛው ዓመት ሁሉም ያልቃል ማለት አይደለም። ከመቶው ሞለኪውል 37ቱ በዚያን ጊዜም አሉ።

ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሲኤፍሲን የሚያጠፋው ብርሃን ክሎሪኑን ይፈታዋል። የተፈታው ክሎሪን ከኦዞን አንድ ኦክስጅን ይነጥቃል፣ ለሌላ ያስረክበዋል፣ ተመልሶም ሌላ ኦዞን ያጠቃል። አንዱ የክሎሪን አቶም በዚህ ዓይነት ብዙ ሺህ የኦዞን ሞለኪውሎችን ያፈርሳል። በመጨረሻ ሚቴን ሲያገኝ ሃይድሮጅን ወስዶ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይሆናል። እዚያው ላይ እያለ ዳግም ሊፈታ ይችላል፤ በተለይ በአንታርክቲካ ክረምት በሚፈጠሩት በረዷማ ደመናዎች ላይ። አየሩ ወደ ታች ሲወርድ ግን ሃይድሮጅን ክሎራይድ በውሃ ይሟሟልና በደመና ጠብታ ተይዞ በዝናብ ይወርዳል። ለአፈሩም ለባሕሩም የማይታወቅ ያህል ጥቂት ነው። የባሕር ጨውና እሳተ ገሞራ ከሲኤፍሲ የበለጠ ክሎሪን ይለቃሉ የሚሉ ተከራካሪዎች ነበሩ። የዚያን አብዛኛውን ግን ዝናብ ገና ሳይወጣ ያጥበዋል።

ሃይድሮጅን ያለው ኬሚካል ዕጣው ምን ያህል እንደሚለይ ሜቲል ክሎሮፎርም ያሳያል። ብረትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማጽጃ ነበር፤ ዕድሜው 5 ዓመት ገደማ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውል 130 ያህሉ እሱ ነበር፤ ዛሬ 2 እንኳ አይሞላም። ሲኤፍሲ-11 ግን በዚያው ዘመን ከነበረበት 268 ገደማ በ30 ዓመት የቀነሰው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው።

በኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም. የተፈረመው፣ ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ለማስቀረት የታሰበው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ያደረገው ቧንቧውን መዝጋት ነው። ኢትዮጵያም በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀላቀለች። አየሩን ማጭበርበር እንደማይቻል በኋላ ታየ። ከ2012 እ.ኤ.አ. በኋላ የሲኤፍሲ-11 ቅነሳ ከሚጠበቀው በታች ሆነ፤ በ2018 ተመራማሪዎች ይህን ይፋ አደረጉ። በኮሪያና በጃፓን ደሴቶች ላይ ያሉ መለኪያዎችም አዲሱን ልቀት በብዛት ወደ ምሥራቅ ቻይና አመለከቱ። ልቀቱ ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ይህን የመሰለ የዓለም ስምምነት፣ ጥሰቱ ከአየሩ ራሱ ተነብቦ የታረመበት፣ ሌላ አላውቅም። የተባበሩት መንግሥታት የ2022 ግምገማ አሁን በያዝነው ፖሊሲ ከቀጠልን፣ በአንታርክቲካ ላይ ያለው ኦዞን ወደ 1980 እ.ኤ.አ. ደረጃው የሚመለሰው በ2066 ገደማ እንደሆነ ይገምታል።

እስከዚያ የቀረው ሥራ መሬት ላይ ነው። በአሮጌ ፍሪጆች፣ በኤሲዎችና በግድግዳ ፎሞች ውስጥ ገና ያልወጣ ጋዝ አለ። ጠጋኙ ቱቦውን ቆርጦ ከማስተንፈስ ይልቅ ጋዙን በማሽን ስቦ በሲሊንደር ቢይዘው፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ውስጥ በሰከንዶች ይቃጠላል። ካመለጠ ግን የሚያገኘው እቶን 20፣ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ነው፤ ኦዞኑም ዋጋውን ይከፍልበታል።