ተመልካቹ ሲናገር

የቋራዋ ገለጉ ላይ ማታ ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ ዜና ስታዩ ቴሌቪዥኑ ብቻውን አይናገርም። የአየር ትንበያው መተማን ሲጠራ ከኋላ አንዱ «ቋራስ?» ይላል። የሰሊጥ ዋጋ ሲነሣ ባለእርሻውም አጫጁም ይመልሱለታል። አንድ ማታ አንድ ባለሙያ ስለ ካላዛር እያስረዱ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ማታ ማታ ስለምትናከስ በአጎበር ውስጥ ተኙ አሉ። ከደጋ ለአጨዳ የመጣ አንድ ወጣት ስኒውን አስቀምጦ «እኔ የምተኛው ማሳ ላይ ነው፤ አጎበሩን የት ልስቀለው?» አለ።

ያ ጥያቄ ከቡና ቤቱ በር አላለፈም። እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ጣቢያው ቢሰማው የሚቀጥለው ዝግጅቱ ይሻሻል ነበር።

የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1961 እንዲህ ላለው ድምፅ በቴሌቪዥኑ ቦታ ሰጠ። «ፖይንትስ ኦፍ ቪው» የተባለው ዝግጅት ሲወለድ ከዜና በፊት ያለችውን ክፍተት የሚሞላ የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር። ሮበርት ሮቢንሰን የተመልካቾችን ደብዳቤ ያነብባል፤ ሙገሳውም ወቀሳውም ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1971 ተቋረጠ፤ በ1979 በባሪ ቱክ አቅራቢነት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አን ሮቢንሰንና ቴሪ ዎገን ይዘውታል። እንግሊዛዊ በቤቱ ቴሌቪዥን ለማየት በየዓመቱ ይከፍላል፤ የከፈለበትን ነገር የመውቀስ መብት እንዳለው ይሰማዋል።

ነገር ግን ወቀሳው ዝግጅቱን ራሱንም አልማረውም። የሚነበበውን የሚመርጠው ተወቃሹ ጣቢያ ነው፤ ቀልድ ያለበት ደብዳቤ ከባዱን እየገፋ ይገባል ተብሎ ተተችቷል። ትችቱ እውነት አለው ብዬ አምናለሁ። ደብዳቤ ማንበብና ለደብዳቤው መልስ መስጠት ለየቅል ናቸው።

ቻናል 4 እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራ ሲጀምር አብሮት የተወለደው «ራይት ቱ ሪፕላይ» አንድ እርምጃ የሄደው እዚህ ላይ ነው። ቅር የተሰኘ ተመልካች ዝግጅቱን ከሠራው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ጣቢያው ካሜራ የገጠመባት ትንሽ ክፍልም አዘጋጅቶ ነበር። ማንም መንገደኛ ይገባል፣ ቅሬታውን በገዛ አንደበቱ ይቀርጻል፣ ይወጣል። ደብዳቤ መጻፍ የማይሆንለት ሰው መልኩና ድምፁ እንዳለ አየር ላይ ዋለ። ይህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጋ፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው እሱ ነበር።

በእኛም አገር ተመልካቹ ከሚያየው ጨርሶ አልራቀም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ ከአርባ ዓመት በላይ አባባ ተስፋዬ ልጆችን ስቱዲዮ ድረስ እያስገቡ አጫውተዋል። በደብዳቤ ዘፈን መርጠናል፤ በሞባይል መልእክት ለድምፃውያን ድምፅ ሰጥተናል። ውሃ የጠፋበትና መንገድ የተበላሸበት ሰውም በካሜራ ፊት ተናግሮ ሹሙ ሲጠየቅ አይተናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጠያቂው ሁልጊዜ ጣቢያው ነው። ጣቢያው ራሱ በቋሚ ሰዓት በተመልካቹ ፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ እኔ አላየሁም።

ሕጉ ይህን አይከለክልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዝዛል። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም በ2006 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል። በ2000 ዓ.ም. ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም መልስ የመስጠት መብትን አስፍሮ ነበር። ይህ መብት ግን ይጠቅም የነበረው ስሙ የተነካውን ሰው ነው። የዚያ አጫጅ ስም አልተነካም። የተነገረው ምክር ለእሱ አልሆነለትም እንጂ።

ካሜራ ያላት ክፍል ገለጉ ድረስ ትምጣ አልልም። ዛሬ በየኪሱ ካሜራ ያለው ስልክ አለ፤ ጎንደርም ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ያሉ ጣቢያዎች የሚጎድላቸው የተቀረጸውን ቅሬታ የሚቀበል ዝግጅት ነው። በሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ አዘጋጁ ራሱ ወንበሩ ላይ፣ ቅሬታውን የሚመርጠውም ከጣቢያው ውጭ የሆነ ሰው። የሰሊጥ አጨዳ ከመድረሱ በፊት ቢጀመር ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሌሊቱን ማሳ ላይ የሚያድር ሰው አጎበሩን የት ይስቀለው?