የካባ ተዳፋት ጽናትና የተቈፈረው ምድር ተሐድሶ

በምዕራብ ቡራዩ፣ በደቡብ ምዕራብ ሰበታ፣ ከእንጦጦ ማዶ በሰሜን ሱሉልታ፣ አዲስ አበባ ቤቷንና መንገዷን የምትሠራበትን ድንጋይ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ ከተራሮቻቸው ጎድን እየቈረሱ ሲያቀርቡላት ኖረዋል። ሥራው ሲያልቅ የድንጋይ ካባው ባለቤት መሣሪያውን ጭኖ ቢሄድም፣ ቀጥ ብሎ የቀረው ግድግዳ ከሥሩ ለሚያልፍ እረኛና ከአናቱ ላይ ጎጆ ለሚቀልስ ድኻ ስለሚተርፍ፣ የተዳፋትን ጽናት መመርመር ከትርፍ ስሌት የሚቀድም የነፍስ ጉዳይ ነው።

የነዚህ ስፍራዎች ምድር በጥንተ ዘመን ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የረጋ ዐለት ነው፤ በእንጦጦና በወጨጫ ተራሮች ትራካይት የተባለው ዐለት ሲበዛ፣ በዙሪያቸው ባዛልትና ከትኩስ አመድ የተጋገረ ኢግኒምብራይት ይገኛሉ። ባዛልቱ ለብቻው እጅግ ጽኑዕ ቢሆንም፣ ሲቀዘቅዝ የተሰነጠቀባቸው መስመሮች ያቋርጡታል፤ በአንዱ የላቫ ፍሳሽና በሌላው መካከልም የበሰበሰ ሸክላማ አፈር ወይም የአመድ ንጣፍ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ግድግዳው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በድንጋዩ ሳይሆን በስንጥቁና በንጣፉ ድካም ነው።

መርማሪው አስቀድሞ የስንጥቆቹን ዝንባሌ በኮምፓስ ይለካል፤ ስንጥቁ ወደ ካባው አፍ ካዘነበለ ዐለቱ ይንሸራተታል፣ ሁለት ስንጥቆች ከተጋጠሙ እንደ ሽብልቅ ተፈልቅቆ ይወጣል፣ ቀጥ ያሉ ዐምዶች ከሆኑ ወደ ፊት ይገለበጣሉ፤ ልቅ የሆነው አፈር ግን ደጋን ቅርጽ ባለው መስመር ይናዳል። ቀጥሎ ስሌቱ ይመጣል። ፈረንሳዊው ኩሎምብ በ1773 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት የአፈርን ጽናት ለሰበቃና ለመያያዝ ከፍሎ አስረዳ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአፈር ጥናት ሊቁ ቴርዛጊ በአፈሩ ውስጥ የሚገባ ውሃ ግፊት ሰበቃውን እንደሚያደክም ገለጠ። የሚቋቋመው ኃይል ለሚጐትተው ኃይል ሲካፈል ውጤቱ 1 ከሆነ ተዳፋቱ በመቆምና በመውደቅ መካከል ነው፤ ስለዚህ እንደ ስፍራው አደጋ ብዙ ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ይፈለጋል።

ደረቅና ልቅ ጠጠር በራሱ የሚያርፈው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ባለው ማዕዘን ነውና፣ ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው የገረጋንቲ ግድግዳ የቆመው በጥቂት ሸክላና እርጥበት መያያዝ ነው፤ ይህንም መያያዝ የክረምት ዝናብ ይፈታዋል። ሠራተኛ ከሥር እየቦረቦረ አናቱ በራሱ እንዲናድ ሲጠብቅ፣ የተገፈፈውም አፈር ከገደሉ ጫፍ ላይ ሲከመር፣ የጎደለው ድጋፍና የተጨመረው ሸክም በአንድነት ይሠራሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ በቆሼ የተናደው ክምር ቆሻሻ እንጂ ድንጋይ ባይሆንም፣ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን በመቅጠፉ፣ ሰው ያቆመው ተዳፋት ያለ ምርመራ ሲተው ምን እንደሚያደርስ አሳይቷል።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለ ፈቃዱ የጐዳውን አካባቢ መልሶ የሚያቀናበት ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። ተሐድሶው ግን ከመጀመሪያው ቁፋሮ ጋር ይጀምራል፤ ከላይ ወደ ታች በእርከን መቍረስ፣ ለም አፈሩን ለይቶ ማኖር፣ ከአናቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቅደድ፣ በመጨረሻም በተስተካከለው ተዳፋት ላይ ሣር፣ ወይራና ጥድ መትከል። ገደሉን ሳያስተካክሉ ችግኝ መትከል አደጋውን በቅጠል መሸፈን ነውና፣ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን የመጨረሻውን ተዳፋት ንድፍ ከመጀመሪያው ድንጋይ መነሣት በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል።